ባሕር በተማሪ ክፍል

የጋምቤላ ከተማ ወደብ ነበረች፤ ባሕር ግን የላትም። ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በባሮ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ስትሆን፣ በአጠገቧ የሚፈሰው ውሃ ወደ ሶባት፣ ከዚያም ወደ ነጭ ዓባይ ገብቶ የሜዲቴራኒያንን ባሕር እስኪያገኝ ድረስ ብዙ አገር ያቋርጣል። በዚህች ከተማ ለትምህርት የተቀመጠ ወጣት ባሕርን የሚያውቀው በካርታ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ወይም በሥዕልና በፊልም ነው። ስለዚህ ከተማሪዎቹ አንዱ በማደሪያ ክፍሉ ውስጥ በትንሽ የብርጭቆ ገንዳ የባሕር ውሃ አዘጋጅቶ፣ በውስጡ ሕይወት ያለው ፍጥረት ለማኖር ቢያስብ፣ አሳቡ ለአንዳንዶች ቅንጦት፣ ለሌሎችም የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል።

እኛ ግን ነገሩን ከታሪኩ ተነሥተን ብንመረምረው ከጨዋታ የሚበልጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ባሕር ከስፋቱና ከጥልቀቱ የተነሣ ሦስት ሥራዎችን ያለ ማንም ረዳት ይሠራል፤ ለፍጥረቶቹ አየር ያቀርባል፣ የጨዉን ልክ ይጠብቃል፣ ከፍጥረቶቹ የሚወጣውንም ጕድፍ ያጠራል። ከባሕር ጥቂቱን ቀንሶ በብርጭቆ ያኖረ ሰው እነዚህን ሦስት ሥራዎች በገዛ ጫንቃው ላይ ተሸከመ ማለት ነው። ገንዳው ባነሰ መጠንም ሸክሙ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። የሰው ልጅ እነዚህን ሥራዎች አንድ በአንድ ለይቶ ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ታሪኩን የተረዳ ተማሪ ግን በጥቂት ወራት ሊማራቸው ይችላል። ይህን ጽሑፍ ለአንባቢ ያቀረብነውም ስለዚህ ነው።

የወደቡ ጨው

ባሕር ወደ ጋምቤላ በአካሉ ባይመጣም በጨዉ በኩል መጥቷል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል ውስጥ፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ወንዝ ላይ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥና የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር። ጣቢያው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው የሚደርሱት በክረምት፣ ባሮ በሞላ ጊዜ ብቻ ነበር። ሲመለሱ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ፤ ሲመጡ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅና ጨው ያራግፉ ነበር። ውሉ የጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ስለ ነበር፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት በሆነች ጊዜ ዘመኑ አበቃ፤ ጣቢያውም ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ።

ከመርከቦቹ መምጣት አስቀድሞ የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ገበያ የሚያውቀው ጨው አሞሌ ነበር። አሞሌ በአፋር ምድር፣ በደናክል ረባዳ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሻገረ፣ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ለማሪያ ቴሬዛ ብር ዝርዝር ሆኖ ያገለግል ነበር። ይህ ረባዳ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ደረቅና ሞቃት ምድር ነው። በጥንት ዘመን ግን የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ የተኛበት ስፍራ ነበር፤ በዳርቻው ድንጋይ ሆኖ የቀረው ኮራል እስከ ዛሬ ድረስ ምስክሩ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን በአሞሌ ሲገበያዩ የደረቀ ባሕር በእጃቸው ይዘው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም አሞሌን በውሃ ቢያሟሙት ተመልሶ ባሕር አይሆንም። ምክንያቱም የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ጨዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወርዱም። አስቀድሞ ኖራና ጂፕስ የመሳሰሉት የካልሲየም ጨዎች ይረጋሉ፤ ቀጥሎ የምንበላው ጨው በብዛት ይወርዳል፤ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ያለባቸው ጨዎች ግን እስከ መጨረሻው በቀረው መራራ ውሃ ውስጥ ይቈያሉ። ስለዚህ የገበያ ጨው ከባሕር የተወሰደ አንድ ድርሻ እንጂ ባሕሩ ሁሉ አይደለም። በማደሪያ ክፍሉ ባሕርን ማኖር የሚሻ ተማሪ መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው።

ስለ አየር

ወደ ብርጭቆው ገንዳ ታሪክ እንመለስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1771 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ሻማ ነዶበት በተበላሸና በተዘጋ አየር ውስጥ የናና ቅጠል ቢያኖር፣ ከቀናት በኋላ አየሩ ታድሶ ሻማ እንደ ገና የሚነድበት ሆኖ አገኘው። በ1779 ደግሞ ያን ኢንገንሃውስ የተባለው የሆላንድ ሐኪም፣ ቅጠል ይህን የሚያደርገው በብርሃን ጊዜ ብቻ መሆኑን አስረዳ። እንስሳ የሚያበላሸውን አየር ዕፅ እንደሚያድሰው የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው፤ ይህም እውቀት ኋላ ለዓሣ ገንዳ ሁሉ መሠረት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1832 ዣን ቪልፕሮ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ የባሕር እንስሳትን በሕይወታቸው ሳሉ ለመመርመር የብርጭቆ ገንዳ አሠርታ ነበር። አርጎኖት የሚባለው ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ ቅርፊቱን ከሌላ የሚሰርቅ ሳይሆን ራሱ የሚሠራ መሆኑን ያረጋገጠችው በዚህ ዘዴ ነው። እርሷ ግን በባሕር ዳር ትኖር ስለ ነበር አዲስ ውሃ ማግኘት አላስቸገራትም። ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመረው በሎንዶን ከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የተባለች የካህን ባለቤት በቶርኪ ባሕር ዳር ያገኘቻቸውን ትናንሽ ኮራሎች በዕቃ ውስጥ አድርጋ ወደ ሎንዶን ወሰደቻቸው። በመጀመሪያ የባሕር ውሃ ከሩቅ እያስመጣች ትለውጥላቸው ነበር። ውሃው ሲያጥርባት፣ ያንኑ ውሃ በተከፈተ መስኮት ፊት ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እየገለበጡ አየር ማስነካት እንደሚበቃ አስተዋለች። ይህም በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ የሚሠራው በእመቤቲቱ እጅ ሳይሆን በቤት ሠራተኛዋ እጅ ነበር። ቀጥሎም የባሕር ዕፅ ጨመረችበትና ኮራሎቹ ለሦስት ዓመት ያህል በሕይወት ኖሩ። የእመቤቲቱ ስም በታሪክ ተጽፏል፤ ውሃውን ቀን በቀን ስትገለብጥ የኖረችው ሠራተኛ ግን ስሟ ሳይነሣ ቀርቷል። እኛ ይህን የምናነሣው ለወቀሳ ሳይሆን አንድ ነገር ለማስገንዘብ ነው፤ በብርጭቆ ያለ ባሕር የሚኖረው በአሳቢው ጥበብ ብቻ ሳይሆን፣ ሥራውን ሳይሰለች በሚደጋግመው እጅ ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ዓሣን፣ የውሃ ዕፅንና ቀንድ አውጣን በአንድነት አኑሮ፣ ዕፁ ለዓሣው አየር ሲሰጥ፣ ቀንድ አውጣው ደግሞ የበሰበሰውን ቅጠል ሲበላ፣ ውሃው ሳይለወጥ ጥርት ብሎ እንደሚቈይ ለኬሚስትሪ ማኅበር አስታወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1853፣ በሎንዶን የእንስሳት ማኅበር የአትክልት ስፍራ ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተ የመጀመሪያው የዓሣ ቤት ሥራ ጀመረ። በዚህ ሥራ ብዙ የደከመው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አኳሪየም የሚለውን ስም አስለመደ።

ስለ ጨው

አንባቢ እንደሚያስተውለው ከባሕር የራቀ ሰው የሚያስፈልገው አየር ብቻ አይደለም። ጎስ ራሱ የባሕር ውሃ ከዳርቻ እያስጫኑ ወደ ከተማ ማምጣት ውድ መሆኑን አይቶ፣ የባሕር ውሃ በኬሚስትሪ ተመርምሮ የተገኘውን ውጤት መሠረት በማድረግ፣ አራት ነገሮችን በውሃ አሟሙቶ ሰው ሠራሽ ባሕር አዘጋጀ። እነዚህም የገበያ ጨው፣ የእንግሊዝ ጨው የሚባለው ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ማግኒዥየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ ነበሩ። አሞሌ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ከዚህ ዝርዝር መረዳት ይቻላል።

ከዚያም ቻሌንጀር የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 የዓለምን ውቅያኖሶች ዞራ የቀዳችውን ውሃ፣ ዊልያም ዲትማር የተባለው ሊቅ መርምሮ በ1884 ውጤቱን ገለጸ። ከ77 ልዩ ልዩ ስፍራዎች የተቀዳው ውሃ አንዱ ከሌላው ጨውነቱ ቢበዛ ወይም ቢያንስም፣ ዋና ዋናዎቹ ጨዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ድርሻ ግን በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በአንድ ኪሎግራም የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ጨው አለ። ከዚህም ውስጥ 19 ግራም ያህሉ ክሎራይድ፣ ወደ 11 ግራም የሚጠጋው ሶዲየም፣ 2.7 ግራም ያህሉ ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ያህሉ ማግኒዥየም ሲሆን፣ ካልሲየምና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው 0.4 ግራም ገደማ ናቸው። ዛሬ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ለባሕር ገንዳ የሚሸጠው የጨው ቅልቅል በዚህ ሚዛን የተሠራ ነው።

ተማሪው 20 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ቢኖረው 700 ግራም ገደማ ቅልቅል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ውሃው በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይቀመጣል፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነና ክሎሪን ካለበት፣ ክሎሪኑ እስኪወጣ አየር እየተነፋበት አንድ ሁለት ሌሊት ይደር፤ ከዚያም ጨዉ በጥቂት በጥቂቱ እየተበተነ ይሟሟና እንደ ገና አንድ ቀን ያርፍ። መጠኑ በሃይድሮሜትር ሲለካ 1.025 ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ የዝናብ ውሃ ግን፣ ምንም እንኳ በጋምቤላ ክረምት ያለ ዋጋ የሚገኝ ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ አጥንት ለሌላቸው የባሕር እንስሳት መርዝ ነውና። በብረትና በመዳብ ዕቃ ማስቀመጥም እንዲሁ አይገባም።

ጨዉ አንድ ጊዜ ከተመጠነ በኋላ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ከገንዳው በሙቀት የሚተንነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። 20 ሊትር የነበረው ወደ 18 ሊትር ቢወርድ፣ 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 39 ግራም ያህል ይወጣል። በባሕር ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በቀናት ውስጥ ከቶ አይደርስም። ስለዚህ ተማሪው በገንዳው ጐን ላይ በቀለም መስመር አሥምሮ፣ ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ባለ ቍጥር ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ይጨምር። በተነነው ፈንታ የጨው ውሃ የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ገንዳውን ወደ ደናክል ይለውጠዋል።

ስለ ጕድፍ

ሦስተኛው ሥራ በዓይን የማይታይ በመሆኑ ከሁሉ ኋላ የታወቀ ነው። ዓሣና ሌሎችም የውሃ እንስሳት ከሰውነታቸው አሞኒያ ያወጣሉ፤ አሞኒያም በጥቂቱ እንኳ ገዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉት የፈረንሳይ ሊቃውንት፣ የቆሻሻ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ አሞኒያው ወደ ናይትሬት የሚለወጠው ሕይወት ባላቸው ተሐዋስያን ሥራ መሆኑን አስረዱ፤ አሸዋውን በክሎሮፎርም ባፈዘዙት ጊዜ ሥራው ቆሟልና። በ1890 ደግሞ ሰርጌ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ እነዚህን ተሐዋስያን ለይቶ አወጣቸው። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት ከሁለቱ ይልቅ ጕዳቱ የቀለለ ስለ ሆነ፣ በየጊዜው ከገንዳው ውሃ ጥቂቱን በአዲስ በመተካት ሊቀነስ ይችላል።

ከዚህ እውቀት የሚወጣው ትምህርት ትዕግሥት ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ተሐዋስያን ገና አልበዙም፤ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ እስኪረቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ገንዳውን በሞላበት ቀን እንስሳ ያስገባ ሰው እንስሳውን በገዛ ቆሻሻው ይገድለዋል። ውሃው ለዓይን ጥርት ብሎ ሳለ መርዝ ሊሆን ስለሚችል፣ በዓይን መፍረድ አይበቃም፤ ቀለሙን በሚለውጥ ጠብታ መመርመርና ውጤቱን በደብተር መጻፍ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ነዋሪ፣ ብዙ መሣሪያ ሳያስፈልገው፣ ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለበት ድንጋይ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ የአየር አረፋና የፀሐይ ብርሃን ብቻ ተጠቅሞ ኮራልን በገንዳ እንዳኖረ ለዓለም አስታወቀ። ድንጋዩ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተሐዋስያኑን ይዞ ስለ መጣ የማጣሪያውን ሥራ ራሱ ይሠራ ነበር። ይህ ሰው የኖረው እንደ ጋምቤላ ሞቃት በሆነ አገር ቢሆንም፣ ባሕር በደጁ ነበረ። የእኛ ተማሪ ይህን ከመሰለ ቅርበት የራቀ በመሆኑ ሥራውን በልኩ ሊጀምር ይገባዋል።

በጋምቤላ ማደሪያ ክፍል

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ ማደሪያው ክፍል እናምጣው። ጋምቤላ ከክረምት በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ውሃ በሞቀና ጨው በበዛበት መጠን የሚይዘው አየር ያንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ጨው የሌለው ውሃ 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ የባሕር ውሃ የሚይዘው ግን 6.7 ያህል ነው፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ይህ ወደ 6.2 ይወርዳል። እንስሳቱ ደግሞ በሙቀት ጊዜ ይበልጥ መተንፈስ ይሻሉ። ስለሆነም ገንዳው ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ርቆ፣ ክዳኑ ተከፍቶና ነፋስ እየነካው ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ አየር መንፊያው በቆመ ጊዜ፣ ያች ስሟ ያልታወቀ የሎንዶን ሠራተኛ ያደረገችውን ማድረግ ነው፤ በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት የሠራ ዘዴ ዛሬም ይሠራል።

ክፍሉ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። 20 ሊትር የባሕር ውሃ ከአሸዋውና ከብርጭቆው ጋር 25 ኪሎግራም ሊያልፍ ስለሚችል፣ በተደራራቢ አልጋ ላይ ወይም በሎከር ጫፍ ሊቀመጥ አይገባውም። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክን እጅግ ያስተላልፋልና የመንፊያው ገመድ ከማስገቢያው ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ማድረግ ያስፈልጋል፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ማስገቢያው አይገባም። ከዚህም ሁሉ በፊት የክፍል ጓደኞችን ማማከርና የማደሪያውን ፕሮክተር ማስፈቀድ ተገቢ ነው። በድብቅ የተቀመጠ ገንዳ በመጀመሪያው ፍተሻ ይወጣል፤ የሚጐዱትም ምንም ያላጠፉት እንስሳት ናቸው።

ታዲያ በዚህች ትንሽ ባሕር ውስጥ ማን ይኑር? ብዙ ሰው የሚመኘው አኒሞን በሚባለው አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ውስጥ የሚጠለለውን ብርቱካንማ ዓሣ ነው። ከዚህ ዓሣ ዘመዶች አንዱ፣ በጐኑ ሁለት ነጭ መቀነት ያለው የቀይ ባሕር ዓሣ፣ በሳይንስ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1830 በኤድዋርድ ሩፕል ነው። ሩፕል በቀጣዩ ዓመት በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ጎንደር ድረስ የተጓዘ የጀርመን አሳሽ ነበር። ነገር ግን ይህ ዓሣ እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ 20 ሊትር ለእርሱ እስር ቤት ነው።

እኛ ከዚህ ይልቅ ታሪኩ ከጨው ጋር የተሳሰረ ሌላ ፍጥረት እናመለክታለን፤ ይኸውም አርቴሚያ የሚባለው ትንሽ የጨው ውሃ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 በእንግሊዝ አገር በሊሚንግተን የጨው ማድረቂያ ገንዳዎች ውስጥ ታይቶ ተጻፈለት፤ ሊኔየስም በ1758 በእንስሳት መዝገቡ አስገባው። ሙሉ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንቍላሉ ደርቆ ለዓመታት ስለሚቈይ በፖስታ ሊላክ፣ በኪስ ሊያዝ ይችላል፤ በጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ በ28 ዲግሪ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ሌላውን የባሕር ፍጥረት የሚያስጨንቀው የጋምቤላ ሙቀት ለእንቍላሉ መፈልፈያ የተመቸ ነው። ለመፈልፈል ባዕድ ነገር ያልገባበት የገበያ ጨው እንኳ ይበቃዋል፤ አሳድጎ ለማርባት ግን ከላይ የዘረዘርነው ቅልቅል ይሻላል። ምግቡ በብርሃን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ዕፅ ነው። አየር፣ ጨውና ጕድፍ ያልናቸውን ሦስቱን ሥራዎች ተማሪው በዚህ ፍጥረት ላይ ይማር፤ በሦስቱ ሲካን ወደሚበልጠው ይሻገር።

የባሮ ድርሻ

የዚህ ጥበብ ታሪክ የሚያስመሰግነው ብቻ አይደለም። ከ1853 በኋላ በእንግሊዝ አገር የባሕር ገንዳ ማኖር ፈሊጥ ሆኖ፣ ሕዝቡ መጽሐፍና ቅርጫት ይዞ ወደ ባሕር ዳር ጐረፈ። የጎስ ልጅ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ መጽሐፉ፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ያያቸው ውብ የድንጋይ ኩሬዎች በሰብሳቢዎች እጅ መራቆታቸውን፣ ለዚህም የአባቱ መጻሕፍት ሳይታወቅ ምክንያት መሆናቸውን በሐዘን ገልጿል። በሌላም በኩል ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊሊፒንስ ባሕር ለገንዳ የሚሸጡ ዓሦችን በሲያናይድ መርዝ እያደነዘዙ መያዝ ተለምዶ በኮራሉ ላይ ብዙ ጥፋት ደርሷል። ከየት እንደ መጣ፣ እንዴትም እንደ ተያዘ ያልታወቀ እንስሳን አለመግዛት የገንዳ ባለቤት የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ግዴታ ደግሞ ለባሮ ነው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በአበባው ውበት ምክንያት በሰው እጅ ከአገር ወደ አገር የተዛመተ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በጋምቤላም ባሮን፣ ጊሎንና ፒቦርን በመሳሰሉ ወንዞች መኖሩ ተመዝግቧል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ተገኝቶ ብዙ ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው የታየ ነው። ለጌጥ የተያዘ ነገር በወንዝ ውስጥ ቢለቀቅ ምን እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ስለዚህ ከገንዳ የወጣ ዕፅም ሆነ እንስሳ፣ በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ፣ ወደ ባሮ መጣል የለበትም።

ባሮ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ያለው ወንዝ ነው። የባሮና የአኮቦ ተፋሰስ ከመቶ በላይ የዓሣ ዓይነት የሚገኝበት ሲሆን፣ በዓይነት ብዛት ከኢትዮጵያ ውሆች ሁሉ ቀደምትነት አለው። ውሃ ሲጐድል በሳንባ የሚተነፍሰው ዓሣ፣ በደካማ ኤሌክትሪክ በጨለማ ውሃ መንገዱን የሚያገኘው ዓሣ፣ አምባዛና ቆሮሶም በውስጡ አሉ። የአኙዋና የኑዌር ዓሣ አጥማጆች ስለ እነዚህ ፍጥረቶች ጠባይ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ እውቀት አላቸው። በክፍሉ ትንሽ ባሕርን መጠበቅ የለመደ ተማሪ፣ አጠገቡ የሚፈሰውን ውሃ የሚያይበት ዓይን ይለወጣል፤ በ20 ሊትር ውስጥ አንድ ጣሳ ቆሻሻ ምን እንደሚያደርግ አይቷልና። የዚህች ገንዳ ትልቁ ጥቅም ይኸው ይመስለናል።

ስለሆነም በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራን ሆይ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በሰሌዳ ላይ ብቻ በሚቀርበት ስፍራ አንዲት የጨው ውሃ ገንዳ ጥሩ ረዳት ልትሆናችሁ ትችላለች። የማደሪያና የትምህርት ኃላፊዎችም ተማሪው ለምርመራ ያቀረበውን ጥያቄ ከመከልከላችሁ በፊት ክብደቱን፣ ገመዱንና ስፍራውን አይታችሁ ብትፈቅዱለት መልካም ነው።

ለተማሪው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ እናቀርብለታለን። ትምህርት በክረምት ይዘጋል፤ ማደሪያው ባዶ ይሆናል፤ መርከቦቹ ይመጡበት በነበረው በዚያው ወራት ባሮ ይሞላል፤ ገንዳው ግን አየር፣ ውሃና ምግብ መፈለጉን አያቆምም። ስለዚህ አንድ ግራም ጨው ከመግዛቱ አስቀድሞ፣ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በክረምት ገንዳውን ተረክቦ የሚጠብቀውን ሰው ስም ይጻፍ። ያን ስም ለመጻፍ የቻለ እንደ ሆነ ይጀምር፤ ካልቻለ ግን እስኪያገኝ ይታገሥ።